ዝም ያላለው ስልክ

ሌባው ላፕቶፑን ትቶ ሞደሙን ይዞ ሄዷል። ዲቴክቲቭ ማንተግቦሽ ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበቻት። በአሥራ አንድ ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ወርቅ የተወ ሌባ አይታለች፣ ቴሌቪዥን የተወም አይታለች፣ አንዱማ የሰረቀውን መኪና አጥቦ የመለሰ ነበር። ከግድግዳ ላይ የኢንተርኔት ሳጥን ነቅሎ የሄደ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

በፈረንጆቹ 2015፣ መስከረም ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሜልቦርን ዳር፣ ሜድስቶን ውስጥ ያለ አንድ ቤት ሰኞ ከቀትር በፊት ተዘርፏል፤ የጠፋው አንድ ስልክና አንድ ሞደም ብቻ። እንዲህ ያለ ነገር በተለምዶ ቁጥር ተሰጥቶት መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ነገር ግን ባለቤቱ በዚያ ሰዓት አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሰው ባለበት ቤት ገብቶ መስረቅ ደግሞ በቪክቶሪያ ሕግ ከበድ ያለ ወንጀል ነው። አለቃዋ ሳጅኑ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀመጠው የአመልካቹን ስም አይቶ ነው። በሜልቦርን ያለ ሐበሻ ሁሉ የማንተግቦሽ የአክስት ልጅ የሚመስለው ደግ ሰው ነው፤ እሷም ማስረዳት ከተወች ቆይታለች።

አመልካቹ አዛርያስ ይባላል፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሌሊት ሌሊት ከተማ መሃል አንድ ትልቅ ሕንፃ ይጠብቃል፣ ቀን ደግሞ ለማስተርሱ ይማራል። ሰኞም እንደ ሁልጊዜው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ገብቶ ስልኩን ትራሱ አጠገብ አድርጎ ተኛ። ሲነቃ ስልክም የለ፣ ኢንተርኔትም የለ።

ማንተግቦሽ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። የተሰበረ መስኮት የለም። የጓሮው በር ተዘግቷል፤ አልተቆለፈም እንጂ። የሞደሙ ገመድ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ሰኞ ጠዋት ዶፍ ዘንቦ ጓሮው ጭቃ ሆኖ ነበር፤ ምንጣፉ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ጭቃ የለችም።

ሌባው ጫማውን አውልቆ ነው የገባው አለች በልቧ። እንዲህ ያለ አስተዳደግ ያለው ሌባ ደግሞ የት ይገኛል?

የአዛርያስ ሚስት ሮማነወርቅ ሻይ አቀረበች። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሰኞም እዚያው እንደነበረች ተናገረች። ዓይኗ ቀልቷል። ማንተግቦሽ ስታያት ጊዜ ሮማነወርቅ ሄይፊቨር ነው አለች። ወቅቱ የአበባ ብናኝ ከተማውን ሁሉ የሚያስነጥስበት ስለሆነ ነገሩ ያስኬዳል፤ ሆኖም ሴትዮዋ አንዴም አላነጠሰችም። ለፖሊስ መነገሩም ደስ አላላትም። ስልክ ነው፣ ይተካል፣ እሱ ዓርብ የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀርባል፣ አሁን በዚህ ራሱን ባያስጨንቅ ይሻላል ትላለች። በየመሃሉ ደግሞ ሳህኑን ወደ ባሏ ትገፋለች።

"ስልኩ አይደለም የቆጨኝ" አለ አዛርያስ። "እናቴ ውስጡ አለች።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ሲያወራ መጀመሪያ አፈር ብሎ ነበር፤ እየቆየ ግን ጋለ። እናቱ ዲላ ነው የምትኖረው። የእሷ ስልክ በቁልፍ የሚነካካ፣ ከመደወል በቀር ሌላ የማያውቅ ነው። እሱ በየእሑዱ ይደውልላታል፣ ያወሩትንም ይቀዳል። ሁለት ዓመት ከምናምን ሆነው፤ መቶ አሥራ ሰባት እሑድ።

"ስልክ ስትገዢ" አላት፣ "ፋብሪካው ሳሎኑን ይሰጥሽና የጓዳውን ቁልፍ ራሱ ይይዛል። የሁለታችንንም ድምፅ አጥርቶ ለመቅዳት ደግሞ ጓዳ መግባት ያስፈልጋል። ሩት ማድረግ ማለት ያንን ቁልፍ መውሰድ ነው።"

"ከወሰድከውማ በቃ ያንተ ሆነ።"

"የት ይሆናል! አፕዴት በመጣ ቁጥር ቁልፉን ይቀይሩታል። ስንት ጊዜ መቅጃው እሑድ ጠዋት ሞቶ አገኘሁት። መጨረሻ ላይ አፕዴቱ ሲገባ ዘወር ብላ፣ ሲያልፍ ተመልሳ የምትገባ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩለት። መቅጃውንም፣ ከተሰረቀ የሚጠቁመኝንም አፕ ከዕቃው ጋር አላኖርኳቸውም፤ ከግድግዳው ውስጥ ነው የቀበርኳቸው። ስልኩን ባዶ የሚያደርገው ሪሴት የሚጠርገው ዕቃ ነው፤ ግድግዳ አይነካም።"

"ቅጂዎቹስ?"

አዛርያስ ሻዩን ትክ ብሎ አየው። "እነሱ ሳሎን ናቸው። ግድግዳው ለእነሱ ይጠባል።"

ሌላ ቦታ ገልብጦ አስቀምጦ እንደሆነ ጠየቀችው። አላስቀመጠም። አሮጌው ኮምፒውተሩ ሐምሌ ላይ ተበላሸ፤ አዲሱ ላይ ደግሞ ከዓርቡ ፈተና በኋላ አደርገዋለሁ እያለ ቆየ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲያበጅ ከርሞ በሩን መዝጋት የረሳ ሰው ነበር የሚመስለው፤ ይህንንም ራሱ ያውቀዋል። ሮማነወርቅ ድንገት ተነስታ ማጠቢያው ጋ ሄደች፣ ውኃውንም ከፍታ ንጹሑን ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

* * *

ጠቋሚው አፕ በስልኩ ላይ የደረሰውን ሁሉ ወደ አዛርያስ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ይልካል። የቀሩት አድራሻዎቹ ሁሉ ተዘግተውበታል፤ ለመግባት የሚያስፈልገው የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው በጠፋው ስልክ ነውና። ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ድረስ መጥቶ ከማንተግቦሽ ጋር አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ።

ሁለት መልእክት አገኙ። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል፣ ፉትስክሬይ ሰፈር፣ ክፍት ዋይፋይ ሲያገኝ የላከው ነው፤ ሲም ካርዱ ወጥቷል፣ ሳይረን ጮኋል ይላል። ሁለተኛው ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተላከ ነው፤ ቦታው ያው ነው። አዛርያስ ሁለተኛውን አንብቦ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ።

"ሪሴት አድርገውታል" አለ። "ሳሎኑ ተጠርጓል።"

ማንተግቦሽ ትከሻውን ልትነካው ብላ ተወችው። እሱ ግን ጥቂት ቆይቶ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ትናንት በሚስቱ ስልክ ዲላ ደውሎ እንደነበር ነገራት። እህቱ ናት ያነሳችው፤ እማዬን ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል፣ ተኝታለች አለችው።

"እስከ እሑድ ይሻላታል" አለ። "እንደገና እቀዳታለሁ። ዋናው እሷ መኖሯ ነው።"

መልእክቱ የተነሳበት መንገድ ላይ አንድ የስልክ መጠገኛ አለ፤ ባለቤቱ አወል ይባላል፣ አዛርያስም ያውቀዋል። ከወራት በፊት ይህን ከአፕዴትና ከሪሴት የማምለጥ ጥበብ አስተምረኝ ብሎት ነበር፤ አዛርያስ ግን ለሌባ መንገድ ማሳየት ይሆናል ብሎ እምቢ አለው። ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። ማንተግቦሽ ደስ አላት፤ ጫማ የሚያወልቅ ሌባ እንቅልፍ ሊነሳት ነበርና።

አወል ሱቁ ውስጥ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀበላት። ሰኞ የመጣ ጥቁር ስልክ ትዝ እንደማይለው ነገራት። ይህን እየተናገረ በሩን ለገፋች አንዲት ሴት ግን ገና ሰላም ሳትለው ስልኳ በየትኛው ጥግ በኩል እንደተሰነጠቀ ከነቀኑ ነገራት። የሱቁ ካሜራ ሰኞ ዕለት ተበላሽቶ ነበር አለ። ማንተግቦሽ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዛ ልትመለስ እንደምትችል ስታስታውቀው አልደነገጠም፣ አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ ጠረገው፣ ከዚያ የማትጠብቀውን ጥያቄ ጠየቃት።

"አዛርያስ ምግብ ይበላል?"

"ምን አልክ?"

"አይ፣ እንዲያው ነው። ሥራ ይበዛበታል ብዬ ነው።"

ማንተግቦሽ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ሳትነካው ብዙ ተቀመጠች። የሰረቁት ሰው በልቶ እንደሆነ የሚጨነቅ ሌባ በመመሪያው ውስጥ አልተጻፈም።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ወደ አረጋውያኑ መጦሪያ ደወለች። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ሮማነወርቅ ከሰኞ ጀምራ አልገባችም አለች። ምክንያቱን ግን ሊናገሩ የሚችሉት ሥራ አስኪያጇ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ይደውሉልሻል።

ዋሽታኛለች ማለት ነው። ማንተግቦሽ ስንት ትዳር ሲፈርስ ያየች ሰው ናት፤ ሐሳቧ ወዲያው ወደ መጥፎው ሮጠ። ከባል ስልክ ውስጥ እንዲጠፋ የሚፈለግ ነገር ምን ሊሆን ይችላል? መልእክት? ፎቶ? ቀትር ላይ ሮማነወርቅ ከቤት ስትወጣ ከሩቅ ተከተለቻት። ሴትዮዋ ትልቁ የገበያ ማዕከል ሄደችና መኪና ማቆሚያው ውስጥ የቆመ አንድ ብርማ ቶዮታ ውስጥ ገባች። መሪው ላይ ባርኔጣ ያደረገ ወንድ አለ፤ ፊቱ አይታይም። ሮማነወርቅ ግንባሯን ዳሽቦርዱ ላይ ደፍታ አለቀሰች። ሰውየው ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋታል።

ማንተግቦሽ ሰሌዳውን ጻፈች። በሙያዋ ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። አዛርያስን ወዳዋለች፤ በየሳምንቱ የእናቱን ድምፅ የሚሰበስብ ሰው እንዲህ እንዲሆንበት አልፈለገችም።

መኪናው ታርኔት በሚኖሩ ኃይለሚካኤል በሚባሉ ሰው ስም የተመዘገበ ነው። ማታውን አዛርያስ ሦስተኛውን መልእክት ላከላት። ስልኩ ያለ ሲም፣ ከሪሴት በኋላ፣ የሆነ ጎረቤት ሳይቆልፈው የተወውን ዋይፋይ አግኝቶ ያለበትን ተናግሯል፤ ያለው ታርኔት ነው፣ ያውም እዚያው መንገድ ላይ። ፎቶም አንስቷል፤ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ይታያሉ።

አዛርያስ በኢሜይሉ መጨረሻ አንዲት መስመር ጨምሯል፤ መንገዱን የሚያውቀው ይመስለዋል፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ እዚያ አካባቢ ነው የሚኖሩት፣ እስቲ ሄዶ እሳቸውን ይጠይቅ ይሆን? ማንተግቦሽ በአንድ ትንፋሽ መለሰችለት፤ የትም እንዳትሄድ፣ ለማንም እንዳትናገር፣ ጽሑፍህን ተለማመድ።

* * *

ታርኔት ሐሙስ ቀትር ላይ ነፋሱ ብቻውን ይመላለስበታል። ቤቶቹ አዲስ ናቸው፣ ዛፎቹ ገና ዱላ ያክላሉ። ጋሼ ኃይለሚካኤል በሩን የከፈቱላት ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ነው። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። መታወቂያዋን ስታሳያቸው በጥንቃቄ አንብበው መለሱላት።

"ጌታ ይባርክሽ። ግቢ ልጄ" አሉ። "ምሳ ደርሷል።"

"ለምሳ አልመጣሁም ጋሼ። ጋራዡን ያሳዩኝ።"

ሽማግሌው ተከዙ፤ ሆኖም ከፈቱላት። አርባ የሚሆኑ ነጭ ወንበሮች ተደራርበዋል። ካርቶን ካርቶን ውኃ አለ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ የማያነሳው ድስት አለ፣ የታጠፈ ድንኳን አለ። ሞደሙ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ጥግ ላይ ካለ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በሦስት ፎጣና በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ስልኩ ተገኘ።

ጋሼ ኃይለሚካኤል ስለ ስልኩ በቅሬታ ተናገሩ። ያጠፉታል፣ አልጠፋም። ሲሙን ቢያወጡት እንደ አምቡላንስ ጮኸ። ባትሪው ደግሞ የማይወጣ ዓይነት ነው። በመጨረሻ የሚያውቅ ሰው ዘንድ ወስደው ምንም እንዳይገባበት አድርግልኝ አሉት፤ አደረገ። ይኸው ያም ሆኖ ረቡዕ ምሽት ድንገት በርቶ ፎቶ ሲያነሳ አገኙት።

"ሰርግ አለ እንዴ?" አለች ማንተግቦሽ ወንበሮቹን እያየች።

ሽማግሌው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ የእሷ ስልክ ጮኸ። የመጦሪያው ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ሮማነወርቅ ለምን እንደቀረች ለመናገር አመነቱና፣ ፖሊስ መሆኗን አስታውሰው አጠር አድርገው ነገሯት፤ ኮምፓሽኔት ሊቭ ላይ ናት፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት።

ማንተግቦሽ ስልኩን ዘጋች። በዚህ አገር ይህ ፈቃድ የሚሰጠው ለሐዘን እንደሆነ ታውቃለች። ወንበሮቹን እንደገና አየቻቸው። ድስቱን አየችው። የአወልን ጥያቄ፣ የሮማነወርቅን ዓይን፣ ዲላ ያለችውን ድምጿ የተዘጋ እናት፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አሰበች።

"እናቱ መቼ ነው ያረፉት?" አለች።

"እሑድ ማታ፣ በዚህ አገር ሰዓት። እንደ ደንቡ ለእኔ ተደወለ" አሉ ሽማግሌው፤ አሁን ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ወንድሙ ፋንታሁን ከፐርዝ የሚገባው ዓርብ ማታ ነው። ልጁ ደግሞ ዓርብ ይፈተናል፤ ሁለት ዓመት ለፍቶበታል። ቅዳሜ ማለዳ ሁላችንም ሄደን ልናረዳው ተስማማን። ግን ስልኩ ባጠገቡ ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ ሊደውል ነው፣ ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር ሊጽፍ ነው፤ ሞደሙንም የነቀልኩት ለዚህ ነው። ሌሊት፣ ባዶ ሕንፃ ውስጥ፣ ብቻውን ቆሞ ከስልክ ላይ ያንብበው?"

ሮማነወርቅ በሩን ሳትቆልፍ ተወችላቸው፤ እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ እሷ መንገዱ ጥግ መኪናው ውስጥ ስታለቅስ ጠበቀቻቸው። ሲወጡ ልጁ ተገልጦ ስለነበር ብርድ ልብሱን መልሰውለታል።

የእናቷ አባት ሲሞቱ ማንተግቦሽ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናቷ ከተማ መሃል ቢሮ እያጸዱ ያሳደጓት ሴት ናቸው፤ የአባታቸውን ሞት ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሄዱ ትራም ላይ ከደብዳቤ አነበቡት። ማንም የያዛቸው የለም። መውረጃቸውን አልፈው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄዱ፣ ከዚያም ተመልሰው ሥራቸውን ገቡ። ለልጃቸው የነገሩት ከሳምንት በኋላ ነው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለጋሼ ኃይለሚካኤልም አልነገረቻቸውም። ዓይኗ ብቻ ሞላ።

አንድ ነገር ግን መናገር ነበረባት፤ ፖሊስ ስለሆነች ሳይሆን ሌላ የሚነግራቸው ስለሌለ።

"ጋሼ፣ እናቱን በየእሑዱ ይቀዳት እንደነበር ያውቃሉ? መቶ አሥራ ሰባት ጊዜ። እዚህ ውስጥ ነበር። አወል ጋ ያስጠፉት እሱን ነው።"

ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። አንዱን ነጭ ወንበር ከክምሩ ላይ ለማንሳት ሞከሩ፣ አቃታቸው፣ እሷ አውርዳ አስቀመጠችላቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

"እኔ እነግረዋለሁ" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ። ከእኔ መስማት የለበትም።"

ማታ ለሳጅኗ ሪፖርት አደረገች። የገቡት በቤቱ እመቤት ፈቃድ ስለሆነ ወንጀል የለም። ታዲያ ዕቃውን ለባለቤቱ መልሰሽ ዝጊው አላት። ቅዳሜ እመልሳለሁ አለች። ለምን ቅዳሜ ብሎ ሲጠይቃት አስረዳችው፤ ሳጅኑ ጥቂት አሰበና ቅዳሜ ዕረፍትሽ አይደለም ወይ ብቻ ብሏት ወጣ።

ዓርብ አዛርያስ ከዩኒቨርሲቲው ደወለላት። አልፏል፤ ፈታኞቹ ቆመው ጨብጠውታል። ለእማዬ ሊነግራት ደውሎ አሁንም ተኝታለች አሉት። ስለ ስልኩ አዲስ ነገር አለ? ማንተግቦሽ በሥራዋ ብዙ ሰው ሲዋሻት ኖራለች፤ ራሷ ስትዋሽ ግን ድምጿ እንዴት እንደሚሆን አታውቅም ነበር። ፍንጭ አለ፣ ነገ እነግርሃለሁ አለችው። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች።

* * *

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሜድስቶን ያለው ጠባብ መንገድ በመኪና ሞላ። ሰው ሁሉ በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል፣ ማንም አያወራም። አወልም መጥቷል። ማንተግቦሽ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ ከሴቶቹ ኋላ ቆመች። ሮማነወርቅ ከውስጥ ከፈተችላቸው።

አዛርያስ ቲሸርቱን ገልብጦ እንደለበሰ ከመኝታ ቤት ብቅ አለ። ሳሎኑ ውስጥ የቆመውን ሰው አየ። ከፐርዝ የመጣውን ወንድሙን አየ። ያን ጊዜ ማንም ምንም አልተናገረም ነበር፤ እሱ ግን ገባው።

"እማዬ" አለ።

"እናትህ ወደ ጌታዋ ሄዳለች፣ ልጄ" አሉት ጋሼ ኃይለሚካኤል፤ ሳይወድቅ ያዙት።

የዚያን ሰዓት ለቅሶ መጻፍ አይቻልም። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ወንዶቹ አለቀሱ፣ አንዱ ሊጸልይ ጀምሮ አቋረጠ። ፀሐይዋ ከጎረቤት ጣራ በላይ ስትወጣ ቤቱ ትንሽ ጸጥ አለ። ማንተግቦሽ ስልኩን አውጥታ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። ጋሼ ኃይለሚካኤል በዚያ ዕድሜያቸው አዛርያስ ፊት ተንበረከኩና ስልኩን ምንጣፉ ላይ አኖሩት።

"የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቀድመህ ብቻህን እንዳትሰማው ብዬ ነው። ውስጡ ያለውንም ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። አላወቅሁም፤ ባለማወቄ ግን ነፃ አልሆንም።"

ሮማነወርቅ በሩን የተወችው እሷ እንደሆነች ተናገረች፤ ቅጂ እንዳለ ታውቅ ነበር፣ ይጠፋል ብላ ግን አላሰበችም። አወል አጠገባቸው መጥቶ ጣቴ ነው የነካው አለ። አዛርያስ ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው። ማንተግቦሽ የሰው ልብ ሲሰበር ምን እንደሚያደርግ ስለምታውቅ ፈራች፤ ቢጮህባቸው፣ ቢያባርራቸውም አትፈርድበትም ነበር።

"ሰምተውታል?" አለ አዛርያስ፣ ሽማግሌውን።

"አንዱን። ከመጥፋቱ በፊት ስልኩ ጮኸ ብዬ ስነካካው ተከፈተ፤ ሌላ ቦታ አለመኖሩን ግን አላወቅሁም። ማቆም ነበረብኝ። ደስ አለኝና እስከ መጨረሻው ሰማሁት።"

"ምን ትላለች?"

ጋሼ ኃይለሚካኤል ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አንዲት ቃል እንዳትጎድል የሚጠነቀቁ ይመስላሉ። "'ልጄ፣ በልተሃል ወይ?' አለች መጀመሪያ። ከዚያ..."

"አትልም" አለ አዛርያስ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፈቱ።

"'በልተሃል ወይ' አትልም እማዬ። 'ምን በላህ?' ነው የምትለው። በልተሃል ካለችኝ አዎ ብዬ እንደማልፋት ታውቃለች።" ዕንባው እየወረደ ፈገግታ መጣበት። "ምን በላህ ስትለኝ ነው የምትይዘኝ።"

ወንድሙ ፋንታሁን ባለቀሰበት ድምፅ ሳቀ። ማንተግቦሽም ሳቀች፤ እንዲህ ያለ ማምለጫ የሌለው ጥያቄ መጠየቅ ለመማር በፖሊስ ሥራዋ እሷን ዓመታት ፈጅቶባታል።

"እውነትህን ነው" አሉ ጋሼ ኃይለሚካኤል። "'ምን በላህ' ነው ያለችው። አንተም እንጀራ አልካት።"

"እሷስ?"

"እሷማ..."

"'በምን?'" አለ አዛርያስ። ድምፁ ተለወጠ። ቀጠን፣ ረገብ አለ፣ የዲላ ሰው ለዛ ገባበት፤ ቃላቱ መጨረሻቸው ላይ ወደ ላይ ይነሳሉ። "'በምን? በምን በላህ? ዝም አልክ? እንግዲያው ደረቁን ነው። ሮማንን ስጠኝ እስቲ፣ ከአንተ ጋር ወሬ የለኝም።'"

ሮማነወርቅ አፏን በመዳፏ ይዛ ወደ ባሏ ተጠጋች። "አቤት እማዬ" አለች።